ትምህርት 14፦ «አመመኝ»

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት ስለ ተሻጋሪና ኢተሻጋሪ ግሶች ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ በቀላሉ የማይመደቡትን፣ ይሁን እንጂ በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፉትን አመመኝ፣ ራበኝ፣ በረደኝ የመሳሰሉትን ግሶች እናጠናለን። ለጥናታችን መነሻ የሚሆነው ምንባብ ሕመም ወይም የአካል ጉድለት ያለበትን ልጅ ከሌላ አገር ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ የሚኖረውን ኑሮ የሚተርክ ነው። ይህ ጉዳይና ሰዋስው ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ምንባቡን አንብባችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ወደ ምንባቡ ከመግባታችን በፊት ግን በአንድ ቃል ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ያልወለዱትን ልጅ እንደ ልጅ አድርጎ መቀበል በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉዲፈቻ ይባላል፤ ቃሉም ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ገብቶ የሕግ ቃል ለመሆን በቅቷል። በአማርኛ ማደጎ እንላለን። የጡት ልጅ የሚባልም ነበር፤ በዚህ ልማድ ልጅ ለመሆን የሚሻው ሰው፣ ዕድሜው የደረሰ እንኳ ቢሆን፣ ማር የተቀባ አውራ ጣት በመጥባት ዝምድናውን ያጸና ነበር። በእነዚህ ልማዶች ሁሉ ልጁ አዲስ ወላጅ ያገኛል እንጂ የቀድሞውን አያጣም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ መንፈስ ጠብቋል። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደተጠበቀ ይኖራል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል።

በአሜሪካ የሚሠራበት ሕግ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ሕግ ፊት የቀድሞው ዝምድና ይቋረጣል፤ የአዲሶቹን ወላጆች ስም የያዘ የልደት ማስረጃ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው። ልጃቸው ተምሮ ወይም ታክሞ የሚመለስ መስሏቸው በወረቀት ላይ የፈረሙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ነበሩ፤ እናቱ በሕይወት ያለችውን ልጅ ወላጅ አልባ ነው ተብለው የተቀበሉ የውጭ አገር ቤተሰቦችም ነበሩ። የአንድን ቃል ትርጉም ሳያጣሩ መሄድ በፈተና ላይ ከሚያሳጣው ነጥብ የከፋ ጉዳት እንዳለው ከዚህ ተረዱ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከኢትዮጵያ 2,500 ያህል ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2018) ደግሞ የቤተሰቡ ሕግ ተሻሽሎ ለውጭ አገር ሰዎች የሚደረገው ጉዲፈቻ ቀርቷል። ሁለቱን 2010 እንዳታምታቱ፤ በመካከላቸው የስምንት ዓመት ርቀት አለ። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻም አልነበረም። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ከደቡብ ኮሪያ፣ ቆይቶም ከቻይና እጅግ ብዙ ልጆች ወደ ምዕራቡ ዓለም ተወስደዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2024 በሩን እስክትዘጋ ድረስ በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት ከዚያ ከሚሄዱት ልጆች የሚበዙት የላንቃ መሰንጠቅ፣ የልብ ሕመም ወይም ሌላ ሕክምና የሚሻ ችግር ያለባቸው ነበሩ።

የሚከተለው ምንባብ ለዚህ ትምህርት የተደረሰ ነው። ሰዎቹ ልብ ወለድ ናቸው፤ የተጠቀሰው ሕክምና ግን በእውን የሚደረገው ነው። መጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።

ለ. ምንባብ

የማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ልጁ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሚኒሶታ ወደምትባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት በገባ ጊዜ ዕድሜው አራት ዓመት መሆኑ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2010፣ ወሩ ኅዳር ነበርና ምድሩ በበረዶ ተሸፍኗል። የተቀበሉት ባልና ሚስት የወለዷት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻቸው። ልጁ ሲወለድ ከንፈሩም ላንቃውም የተሰነጠቀ ነበር። ከንፈሩ በአገሩ ሳለ ተሰፍቶለት ከአፍንጫው ሥር ቀጭን ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ላንቃው ግን እንደተከፈተ ነው። ውሃ ሲጠጣ ግማሹ በአፍንጫው ይመለሳል፤ ሲናገርም ትንፋሹ በአፉ መውጣቱ ቀርቶ በአፍንጫው ይሾልካል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሐኪም ቤት አልወጡም ቢባል ይቀላል። ደሙ ተመረመረ፤ ሰገራው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ እንዳለበትና እንደሌለበት ታየ፤ ክትባቱ እንደገና ተጀመረ፤ ጥርሱ ተቆጠረ። ሲጠሩት የማይዞረው እልኸኛ ቢሆን ነው ብለው ነበር። የጆሮ ሐኪም ባየው ጊዜ ግን ከጆሮው ታምቡር በስተጀርባ ፈሳሽ መጠራቀሙ ታወቀ። ላንቃቸው የተሰነጠቀ ልጆች ይህ ብዙ ጊዜ ያገኛቸዋል። ልጁ የማይዞረው በደንብ ስለማይሰማ ነበር። ሚስቲቱ ያን ዕለት ማታ በልጁ ላይ የተቆጣችባቸውን ጊዜያት አንድ በአንድ ስታስታውስ አደረች።

ሐኪም የማያየው ሌላ ነገርም ነበር። ልጁ ዳቦ ከትራሱ ሥር ይደብቃል። አንድ ቀን ከበሩ ደረጃ ላይ አንሸራቶት ወድቆ ጉልበቱ ደማ። ተነሣ፤ ልብሱን አራገፈ፤ ዞር ብሎ ማንንም አላየም፤ አላለቀሰም። ባልየው «ጎበዝ ልጅ ነው» አለ። ሚስቲቱ ግን ይህ ጉብዝና አልመሰላትም። ብዙ ሕፃናት ጥቂት ሞግዚቶች በሚጠብቁበት ቤት ያደገ፣ አልቅሶ ማንንም ማምጣት ያልቻለ ልጅ በመጨረሻ ማልቀሱን ይተዋል።

ከቤታቸው ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት ጠና ያሉ ኢትዮጵያዊት ይኖሩ ነበር። ልጁ እማማ ይላቸዋል። እማማ ሃያ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል አስጽፈው ሰጧቸውና ወረቀቱ በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጠፈ፦ ና፣ ብላ፣ ጠጣ፣ አይዞህ፣ ራበህ? አመመህ? ባልና ሚስቱ ቃላቱን አጠኑ። ልጁ የሚመልሰው መልስ ግን በወረቀቱ ላይ ካለው ከአንዱም ጋር አይገጥምም። የሚናገረው አማርኛ ይሁን፣ ወይስ የተከፈተው ላንቃ የፈጠረው ሌላ ድምፅ፣ የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። እማማን አስጠርተው ጠየቋቸው። እማማ ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ አፉን ከፍተው አዩና «እኔን!» አሉ። ቀጥለውም «አማርኛ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ከአፉ ሳይደርስ በአፍንጫው ይፈስበታል» ብለው አስረዱ።

አሁን ባልና ሚስቱን የሚለያይ ጉዳይ መጣ። ላንቃ በአብዛኛው የሚሰፋው ልጅ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ ማለትም መናገር ሳይጀምር ነው። ቀዶ ሐኪሙ ይህ ልጅ ሦስት ዓመት ዘግይቷል፤ በየወሩ አፉ የተሳሳተ ልማድ እየያዘ ይሄዳል፤ ስለዚህ እንቸኩል አለ። ልጆችን በጉዲፈቻ የተቀበሉ ቤተሰቦችን የምትረዳ አንዲት ባለሙያ ደግሞ ልጁ ገና አላወቃችሁም፤ እንግዶች ሆናችሁ ሳለ ብታስቀድዱት ሕመሙን ከእናንተ ጋር አያይዞ ይይዛል፤ ስለዚህ ታገሡ አለች። ባልየው ከሐኪሙ ጋር፣ ሚስቲቱ ከባለሙያዋ ጋር ወገኑ። ሦስት ቀን በደንብ አልተነጋገሩም። በመጨረሻ ሦስት ወር ለመቆየት ተስማሙ። ማናቸውም ትክክል መሆናቸውን አያውቁም ነበር።

በእነዚያ ሦስት ወራት ከሁለቱ በቀር ልጁን የሚመግበው፣ የሚያጥበው፣ የሚያስተኛው ሰው አልነበረም። ሚስቲቱ ሥራዋን ተወች። ዳቦው ከትራሱ ሥር እንዲቆይ ፈቀዱ፤ እንዲያውም ማታ ማታ ትኩሱን ይቀይሩለት ነበር። ሴት ልጃቸው ስለዚህ ሁሉ ምንም አልተናገረችም፤ አንዴ ብቻ የእኔን የልደት ቀን ረሳችሁት አለች፤ እውነትም ረስተውት ነበር።

ለቀዶ ሕክምናው አንድ ሌሊት ሲቀረው እማማ መጡ። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው በአማርኛ እንዲህ አሉት፦ «ነገ ሐኪሙ ያስተኛሃል። ስትነቃ አፍህን ያምሃል። እጅህን አፍህ ውስጥ እንዳታገባ ክንድህን ይጠቀልሉታል። እናትህ አጠገብህ ትሆናለች፤ አይዞህ የኔ ጌታ።» ልጁ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። እማማ ስላልሰሙት ደገመው። «የቷ እናቴ?» ነበር ያለው። እማማ ይህን ወዲያው አልተረጎሙም። ሊሄዱ ሲነሡ፣ በበሩ ላይ ካፖርታቸውን እየለበሱ ለሚስቲቱ ነገሯት።

በማግሥቱ ልጁ ከሰመመኑ ሲነቃ አፉ አብጧል፤ ክንዶቹ እንዳይታጠፉ ተጠቅልለዋል። ሚስቲቱን አያት፤ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያም «አመመኝ» አለ። ቃሉ ጥርት ያለ ነበር። ነርሷ አልገባትም። ሚስቲቱ ግን ከማቀዝቀዣው በር ላይ የምታውቀው ቃል ነበርና «አመመህ?» አለችው። «አመመኝ» አለ ደግሞ። ይህን ጊዜ ማልቀስ ጀመረ። ማስታገሻው እስኪደርስ ድረስ እንባው ጆሮው ውስጥ እየገባ አለቀሰ፤ እሷም አብራው አለቀሰች፤ የእሷ ግን ከሐዘን ብቻ አልነበረም።

ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ ማንኪያ ወደ አፉ አይገባም ተባለ። እማማ አጥሚት አፍልተው በፔርሙዝ ያመጡ ነበር፤ ልጁ በኩባያ ይጠጣዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አነጋገር የምታስተምር ባለሙያ ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ይዛ «ፓ» እንዲል ታለማምደው ጀመር። መስታወቱ በጉም ከተሸፈነ ትንፋሹ አሁንም በአፍንጫው ይሾልካል ማለት ነው። ይህ ልምምድ በየማታው በቤትም ይደረግ ነበር። ልጁ ይሰለቻል፤ መስታወቱን ይወረውራል፤ አባቱ አንሥቶ ይወለውለዋል።

ከእነዚህ ማታዎች በአንዱ ሴት ልጃቸው ወደ ማእድ ቤት መጣችና «አመመኝ» አለች፤ በአማርኛ። ሚስቲቱ ደንግጣ «አመመህ?» አለች፤ ሌላ አላወቀችምና። ልጅቱ የሚያማት ነገር አልነበረም። እናቷ ይህን ተረዳች፤ ግን አልተከራከረቻትም። መስታወቱን ለባሏ ሰጥታ ከልጅቱ ጋር ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሯን ስትዳብስ አመሸች።

ዓመት ሲሞላ ልጁ እንግሊዝኛውን በደንብ ያዘ። ላንቃው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀርቶ ስለነበር ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል፤ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ደግሞ ከዳሌው አጥንት ተወስዶ በድዱ ስንጥቅ ላይ ይደረግለታል። አማርኛው ግን ሄደ። እማማ ሲያናግሩት ፈገግ ብሎ ያያቸዋል እንጂ አይመልስም። ከትምህርት ቤት ወድቆ ሲመጣ ሕመሙን በእንግሊዝኛ ይናገራል። በዚያ ቤት እስከ ዛሬ «አመመኝ» የምትለው እኅቱ ናት።

ሐ. ስለ ድምፆቹ

ከምንባቡ አንድ ነገር እንቆቅልሽ ሳይሆንባችሁ አልቀረም። ንግግሩ የማይሰማ ልጅ «አመመኝ» ያለ ጊዜ ቃሉ ጥርት ያለው እንዴት ነው? መልሱ በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ድምፆች አፈጣጠር ከተማራችሁት ውስጥ አለ። እንደ ብ፣ ፕ፣ ት፣ ጥ፣ ክ፣ ስ ያሉትን ድምፆች ለመፍጠር አየር በአፍ ውስጥ መታፈን ወይም በጠባብ መንገድ መገፋት አለበት። ለዚህም ትናጋ ወደ ላይ ተነሥቶ የአፍንጫን መንገድ ይዘጋል። ላንቃው ክፍት የሆነ ልጅ ይህን መዝጋት አይችልም፤ አየሩ ሾልኮ ያመልጠዋል። ስለዚህ ራበኝ ሊል ሲፈልግ «ራመኝ» የሚመስል ድምፅ ይወጣዋል፤ ጠማኝ ሲል ጥ ትጠፋለች። ም፣ ን እና ኝ ግን በተፈጥሯቸው አየራቸው በአፍንጫ የሚወጣ ድምፆች ናቸው፤ ክፍት ላንቃ እምብዛም አይጎዳቸውም። አመመኝ በሚለው ቃል ውስጥ ከእነዚህ በቀር ሌላ ተነባቢ የለም። ረሃቡንና ጥማቱን መናገር ያልቻለው ልጅ ሕመሙን መናገር ይችል ነበር ማለት ነው። ለአራት ዓመት ሳይናገረው የቀረው ቃሉ ስለተሳነው አልነበረም።

ለመሞከር ያህል አፍንጫችሁን በሁለት ጣቶቻችሁ ጨፍናችሁ በመጀመሪያ «ክብደት»፣ ቀጥሎ «አመመኝ» በሉ። የቱ ተበላሸ? የልጁ ችግር የእናንተ ግልባጭ ነው።

መ. ሰዋስው

አሁን ወደ ግሱ እንለፍ። «ልጁ ዳቦ ደበቀ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ልጁ፣ ተሳቢው ዳቦ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ደበቀ ነው። «አመመኝ» በሚለው ውስጥ ባለቤቱ ማን ነው? ብዙ ተማሪዎች «እኔ» ብለው ይመልሳሉ። ይህ ስሕተት ነው። እኔ ባለቤት ቢሆን ኖሮ ግሱ እንደ በላሁ፣ እንደ ሄድሁ በ-ሁ በጨረሰ ነበር። መጨረሻው ላይ ያለው -ኝ መታኝ፣ ጠራኝ በሚሉት ላይ የምናገኘው የተሳቢ ቅጥያ ነው። የሚሰማው ሰው በዚህ ግስ ውስጥ ተሳቢ ነው፤ አድራጊው ስሙ አይጠራም፤ ግሱ ዘወትር በሦስተኛ መደብ፣ በነጠላ ቁጥር፣ በወንድ ጾታ ይቆማል። የሚለዋወጠው ቅጥያው ብቻ ነው፦

አመመኝ፣ አመመህ፣ አመመሽ፣ አመመው፣ አመማት፣ አመመን፣ አመማችሁ፣ አመማቸው።

ትንቢት ሲሆን ደግሞ ያመኛል፣ ያምሃል፣ ያምሻል፣ ያመዋል እያለ ይሄዳል። የሚያመው የአካል ክፍል ሲጠራ እርሱም የተሳቢ ምልክት ይዞ ይመጣል፦ ራሴን አመመኝ፤ አፍህን ያምሃል፤ ምንሽን አመመሽ? ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ደከመኝ፣ ቸገረኝ የሚሉትም በዚሁ መንገድ ይረባሉ።

ቋንቋውን አዲስ የሚማር ሰው ይህን ሳያውቅ አመመን እንደ ደበቀ ቢያረባው ለልጁ «አመምህ?» ሊለው ይችላል። ይህም ሰውን ያሳመምኸው አንተ ነህን? እንደ ማለት ይሆናል። አንዲት ፊደል በመለወጧ የሚያመው ልጅ አሳማሚ ሆኖ ይገኛል። በምንባቡ ያለችው ሚስት የሠራችው ስሕተት ከዚህ የቀለለ ነው፤ የት ላይ እንደሆነ በመልመጃው ትፈልጋላችሁ።

ታመመ የሚለው ግስ ከዚሁ ሥር ይወጣል፤ ነገር ግን ባለቤቱ የሚታወቅ ነው፦ ታመምሁ፣ ታመምህ፣ ታመመች። አመመኝ አሁን የሚሰማውን ስሜት፣ ታመምሁ ደግሞ የጤንነትን ማጣት ይገልጻል። ሰው ታሞ ሳለ ላያመው ይችላል። የሐኪም መዝገብ ስለ መታመም ብዙ ይናገራል፤ ስለ አመመኝ የሚናገረው ግን ባለቤቱ ራሱ ብቻ ነው።

ናፈቀ የሚለውንም ተመልከቱ። በቅጥያው አመመኝን ይመስላል፤ ነገር ግን ባለቤቱን አይደብቅም። «እናቴ ናፈቀችኝ» ስንል ባለቤቷ እናቴ ናት፤ ግሱም በእሷ ጾታ ይለወጣል። ሕመም ማን እንዳመጣው ሳይነገር ይቀራል፤ ናፍቆት ግን ስም ይጠራል። በምንባቡ ውስጥ ልጁ ይህን ግስ አልተናገረም። ለእማማ የጠየቃቸው ጥያቄ ግን ከዚህ ግስ የራቀ አልነበረም።

በመጨረሻም እማማ የልጁን አፍ ባዩ ጊዜ ያሰሙትን «እኔን!» አስታውሱ። ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ ተሳቢ ብቻ ነው። ልጅ ሲወድቅ እናቶች የሚሉት ይህንኑ ነው። ግሱን ማንም አይጠይቃቸውም፤ ሰሚው ሁሉ ይሞላዋል።

ሠ. ድርሰት፦ የክርክር ድርሰት አጻጻፍ

የክርክር ድርሰት የሚጻፈው ሁለት የሚቃረኑ አስተያየቶች ባሉበት ጉዳይ ላይ ነው። አንደኛው አስተያየት የሞኝ፣ ሁለተኛው የብልህ ከሆነ ክርክር የለም። በምንባቡ የሐኪሙና የባለሙያዋ ምክር እየራሳቸው እውነት ናቸው፤ ስለዚህም ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት የተመቹ ናቸው። መቸኮልም መታገሥም ልጁን ዋጋ ያስከፍሉታል።

ሕመሙ ሲለወጥ ክርክሩም እንደሚለወጥ ልብ በሉ። እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደን ልጅ ውሰዱ። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባሉት ሐኪም በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ባስፋፉት ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ በጀሶ እየታሰረ ቀስ በቀስ ይቃናል፤ ከዚያም ለሦስት ወር ያህል በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎም እስከ አራትና አምስት ዓመት ዕድሜው ድረስ ማታ ማታ ሁለት ጫማዎችን በዘንግ ያገናኘ መደገፊያ ያደርጋል። ጀሶውን የሚያስረው ሐኪም ነው፤ መደገፊያውን በየማታው የሚያስረው ግን ወላጅ ነው፤ አንድ ወር ቢሰለች እግሩ ተመልሶ ሊጎብጥ ይችላል። ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለበት ልጅ ደግሞ ቀዶ ሕክምና አያሻውም፤ የሚያሻው በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የወሰደ ልጅ ያድጋል፣ ይማራል፣ ያገባል። በአንድ ሳሕን መብላትም ሆነ መተቃቀፍ ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2010 መጀመሪያ ድረስ ቫይረሱ ያለበትን ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ አገሩ አያስገባም ነበርና ሕፃናትም ሳይቀሩ ይህን ፈቃድ መጠበቅ ነበረባቸው። በዚህ ቤት ያለው ክርክር ስለ ቢላዋ ሳይሆን ስለ ምስጢር ነው፦ ለማን ይነገራል? ለአስተማሪው? ለጎረቤት? ለልጁስ በስንት ዓመቱ?

ብዙ ዓመት የተማሪዎችን ደብተር ስናርም እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ደጋግመን አግኝተናል፦ «ምስኪኑ ሕመምተኛ ሕፃን በደጋጎቹ ፈረንጆች ከሞት ተረፈ።» በሰዋስው ስሕተት የለበትም። በድርሰትነቱ ግን ደካማ ነው። ምስኪን፣ ደጋግ የሚሉት ቅጽሎች ጸሐፊው ሊያሳይ የሚገባውን ሁሉ ሳያሳይ ፈርደው ጨርሰዋል። ልጁ ስም የለውም፤ ሕመሙ ስሙ ሆኗል። ሕመምተኛ ሕፃን ከማለት ላንቃው የተሰነጠቀ የአራት ዓመት ልጅ ማለት ይሻላል፤ አንባቢው የሚያየው ነገር ያገኛልና። የተቀበሉትንም ደጋግ ከማለት ትኩስ ዳቦ ከትራሱ ሥር ሲቀይሩ ማሳየት ይበቃል። የልደት ቀኗን የረሱባትን ልጅም አትደብቋት። ደግነታቸው በእሷ ላይ ምን እንዳስከተለ ካልተጻፈ ድርሰቱ ግማሽ ነው።

ክርክሩን ስትጽፉ የመጀመሪያውን አስተያየት በሙሉ ኃይሉ አቅርቡ፤ ቀጥሎ በአንጻሩ፣ ይሁን እንጂ፣ በሌላ በኩል በሚሉት ቃላት ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። የራሳችሁን ፍርድ ለመጨረሻው አንቀጽ አቆዩት።

ረ. መልመጃ

1. ሚስቲቱ ለሴት ልጇ «አመመህ?» ማለቷ ስሕተት ነው። አርሙት። ስሕተቱን እንድትሠራ ያደረጋት ምን እንደሆነ ከምንባቡ አውጥታችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

2. ደከመኝ፣ በረደኝ እና ራበኝ የሚሉትን በስምንቱም መደብ በኃላፊና በትንቢት አርቡ።

3. ከሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች በየትኛው ባለቤቱ ይታወቃል? በየትኛውስ አይታወቅም? ጥርሷን አመማት። አገሩ ናፈቀው። ልጆቹን በረዳቸው። እኅቱ ታመመች።

4. «እኔን!» የሚለውን ቃል ሰሚው በሚሞላው ግስ አሟልታችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጉት። ከአንድ በላይ መልስ ይቻላል። በቤታችሁ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ።

5. ባልና ሚስቱ በሦስቱ የዝምታ ቀናት ሊነጋገሩ ይችሉ የነበረውን፣ ቀዶ ሕክምናው ይፍጠን ወይስ ይቆይ የሚለውን ክርክር ከሁለት ገጽ በማይበልጥ ድርሰት ጻፉ።

6. እማማ በበሩ ላይ የልጁን ጥያቄ ለሚስቲቱ ነገሯት። ሚስቲቱ የመለሰችው በምንባቡ አልተጻፈም። ጻፉት።